ቲያትር ቤቱን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ

ልጄ መርዋ፣ አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ መንገድሽን ያቅናልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አክስትሽ ዐዚዛም ወገቧ ተሽሏት መራመድ ጀምራለች።

ሰፈራችን ግን ጭር ብሏል። ቲያትር ቤቱ ከተዘጋ አራት ወሩ ነው። እሁድ እሁድ ከኮላ ድባ ሳይቀር ቲያትር ሊያይ የሚመጣው ሰው፣ ከሱቃችን ለሚስቱ ሻሽ ሳይገዛ አይመለስም ነበር። እትዬ ሸዋገነትም ምግብ ቤቷ ሰው ቢያጣ አስተናጋጆቿን አሰናበተች። እኛኑ መስለው እኛኑ ያስቁን ከነበሩት ተዋንያን አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ሌሎቹ መተማ ወርደዋል።

አባትሽ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ «ይዘጋ ብሎ የፈረመውን ሰው ምነው እጁን በቆረጠው!» ይላል በየቀኑ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጨርቅ አጥፋለሁ።

ልጄ፣ «ይዘጋ» በሚለው ማመልከቻ ላይ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የትኬት ሰልፉ የሱቃችንን በር ቢዘጋው፣ ጩኸቱም ሶላቴን ቢረብሸኝ ተናድጄ ነበር። ገበያችን ያ ሰልፍ መሆኑ አልታየኝም።

ዛሬ እትዬ ሸዋገነት «ይከፈት» የሚል ማመልከቻ ይዛ መጣች። አባትሽ ፊት ፈረምኩላት። የፊተኛውን ወረቀት አይታው ኖሮ፣ «ሸጋ ፊርማ አለሽ ሰኪናዬ፤ ምንም አልተለወጠም» አለችኝ።

«ምን ማለቷ ነው?» አለ አባትሽ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

ከሰው አፍ ሳይሰማው ራሴ ልነግረው ቆርጫለሁ። ይህ ሲደርስሽ ተኳርፈን ይሆናልና፣ እባክሽ ለሱ ለብቻው ጻፊለት፤ ያንቺን ቃል አይጥልም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ በንዴት ከመፈረምም ይጠብቅሽ።

እናትሽ ሰኪና