ሐዋ ቅጠል አትጠርግም

ሐምሌ 7፣ ሰኞ፣ ጠ. 1፡30

ጠርጌ ጨረስኩ። ሠላሳ አንድ አበባ፣ አንድ እርጥብ ጨርቅ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ ዘይት። በረንዳው ያበራል። የሚያበራ ዕቃ ይሸጣል፤ እናቴ ከወሎ በሰፈራ መጥታ እዚሁ አሶሳ ሳህን ስትሸጥ ያስተማረችኝ ነው። ቅጠልም ያው ነው።

ፊከስ የሚባለው ሰፊ ቅጠሉ አበባዬ ላይ ግን ነጠብጣብ አለ። ቡናማ፣ ዙሪያው ቢጫ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቅጠል ላይ ነበር። ዛሬ ዘጠኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሐዋ። እንደኔው የቤት ውስጥ አበባ ትሸጣለች። እሷ አትጠርግም። ባጃጅ የረጨው ጭቃ ቅጠሎቿ ላይ ደርቋል። ነጠብጣብ የለም። ዕቃ የምገዛ መስዬ ተሻግሬ ፈለግኩ። አንድም የለም።

አዲስ የሚከፈተው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጀ ሐምሌ 28 መጥቶ የሁለታችንንም ያያል። ለአዳራሹም ለክፍሎቹም ከአንዳችን ብቻ ይወስዳል፤ ወደፊት የሚቀይረውንም ከዚያችው። ያላገኘችው ከማዶ ቆማ ሲጫን ታያለች። ቆሞ ማየት አልችልበትም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የተክል መድኃኒት ሻጩ የሰጠኝን ዱቄት በጥብጬ ረጨሁ። መጠኑን ሳላነብ፣ ፀሐይ ላይ። የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ፤ ነጠብጣቡ እንዳለ ነው። አሁን ወደ ሐረጎቹም ገብቷል። የታመመውን ጎን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ሐዋ ከማዶ አየችኝ። «ወርቄ፣ ቅጠል ፊት ነው እንዴ፣ ጠዋት ጠዋት ታጥበዋለህ?» አፏን የፈታችው በበርታኛ ነው፤ አንቺን አንተ ማለቷን ለምጄዋለሁ። ደንበኞቿ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በጥርሴ።

ከሰዓት ልጄ ሜሮን ለመምህሯ ስጦታ የሚሆን አበባ ይዛ ገባች። ከየት? ከሐዋ። ቤትሽ ሙሉ አበባ እያለ ለምን ስላት፣ «እማዬ፣ ያንቺማ በሽተኛ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው የቆጨኝ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሌሊሴ መጣች። ደንበኛዬ ናት፤ ባምባሲ በኩል ገበሬዎችን ስለ ሰብል በሽታ ታስተምራለች። ቅጠሉን ገልብጣ አየችው። ፈንገስ ነው አለች። ውሃ ይወዳል። ቅጠል ላይ ውሃ ካደረ ይበቅላል፤ በጠብታ፣ በእጅ፣ በመቀስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። የታመመውን ቆርጦ ማቃጠል። መቀሱን በየቅጠሉ በበረኪና መጥረግ። አበቦቹን ማራራቅ፣ ነፋስ እንዲገባ። ውሃ ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ብቻ። መድኃኒቱ የታመመውን አያድንም፤ ጤነኛው እንዳይያዝ ነው፣ ያውም በተጻፈው ልክ፣ ፀሐይ ሲበርድ።

ከዚያ በምን እንደምጠርግ ጠየቀችኝ። ጨርቁን አሳየኋት። ለሁሉም አንድ? ለሁሉም አንድ። «አዬ እትዬ ወርቄ፣ በሽታውን በገዛ እጅሽ እየዞርሽ አድለሽዋል» አለች። ጨርቁንም አቃጥይው አለች።

አላቃጠልኩትም። ደህና ጨርቅ ነው። አለቅልቄ ሰቀልኩት።

የሚበላኝ ሌላ ነገር ነው። ሐዋን ይህን ማንም አላስተማራትም። ማለዳ ሰግዳ ስታበቃ ከውዱእ ማንቆርቆሪያዋ የተረፈውን ውሃ በቀጭኑ አፍ ሥሩ ላይ ታንቆረቁራለች። ቅጠል አይርስም። አለቀ። እኔ ጎንበስ ቀና ስል ያጣሁትን እሷ ሳታስበው አገኘችው።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሐዋ መርዶ መጣባት። ኩርሙክ ያለችው አክስቷ። ሰባት ቀን እቆያለሁ ብላ አበቦቿን ለእኔ አደራ ሰጠች፣ ከነማንቆርቆሪያዋ። «በዚህ ብቻ፣ ወርቄ። ቅጠል አይጠጣም፣ ሥር ነው የሚጠጣ።» አላህ ይማራት አልኳት፤ ከልቤ ነው። መኪናው እስኪሄድ ቆሜ ሸኘኋት።

ስንት ጎረቤት እያላት ለእኔ። ስለምታምነኝ ነው ወይስ ስለማትፈራኝ? የትኛውም ደስ አይለኝም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ፣ ጠ. 1፡00

አጠጣሁላት። ትልቁ ፊከሷ በሯ ላይ ነው፤ አቶ ደረጀ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከእኔ በሽተኛ ቅጠሎች ቆርጬ በጨርቁ ይዤ ወስጄ፣ ቅጠሎቹን ብቻ አቃጥዬ መምጣቴ ነበር። ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። እርጥብ። ከፊከሷ አንድ ቅጠል ጠረግኩ። ጭቃ ነበረበት።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ጭቃ አልነበረበትም። ደብተሬ፣ ላንተ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ፤ የሚያነብህ የለም። የጠረግኩትም አንድ ቅጠል አልነበረም። ሦስት ናቸው። ከላይም ከታችም።

ጨርቁን ዛሬ አቃጠልኩት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የእኔዎቹ እያገገሙ ነው። አዲስ ነጠብጣብ የለም። አራርቄያቸዋለሁ፤ በረንዳው ባዶ መሰለ፣ ግን ነፋስ ይገባል። ሦስት አበባ ግን መጣል ነበረብኝ።

የሐዋም ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት የጠረግኳቸውን ሦስት ቅጠሎች እያገላበጥኩ አያለሁ። ምን ለማግኘት እንደምፈልግ አላውቅም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሐዋ ገባች። ከስታለች። አበቦቿን አይታ እጄን ሁለት ጊዜ ጨበጠች። ከኩርሙክ ማንቆርቆሪያ አምጥታልኛለች፤ አረንጓዴ፣ አፈ ቀጭን፣ ልክ እንደ እሷው። አሁን እኩል ሆንን አለች፤ ገበያው እንግዲህ የአላህ ነው።

ለለቅሶ ሄዳ ለእኔ ዕቃ ገዝታ መጣች። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ። ማንቆርቆሪያውን መደርደሪያው ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ መልሼ አወረድኩት። ማጠጫ ይሆነኛል።

ሐምሌ 27፣ እሑድ፣ ጠ. 12፡30

ነገ ነው።

ትናንት ከሰዓት ልጠይቃት ተሻግሬ አየሁት። ከሦስቱ በአንዱ ላይ። ምስር የምታክል ነጠብጣብ፣ ዙሪያዋ ቢጫ። ሐዋ አላየችውም። ቅጠል መርምራ አታውቅም፤ እስከ ዛሬ ምን አስመረመራት።

ሌሊሴ ካንቺ ጨርቅ ላይሆን ይችላል ትለኝ ይሆናል፤ ክረምት ነው፣ ነፋስም ያመጣዋል። ሦስት ቅጠል ጠርጌ ከሦስቱ በአንዱ። ነፋስ እንዲህ መርጦ አይነፍስም።

ዝም ካልኩ ነገ አቶ ደረጀ ያየዋል። የእኔ ንጹሕ ነው። ሥራው የእኔ ይሆናል። ነጋዴ ሆኜ ሳስበው ይኸው ነው፣ ሌላ መልስ የለውም። በሰበብ ተሻግሬ ቅጠሉን ቀንጥሼ ብጥለውም ማንም አያውቅም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲያምረኝ ያደረው እሱ ነው። ግን የጠረግኳቸው ሌሎቹ ሁለት ቅጠሎች ገና ሊያወጡ ይችላሉ። ፊከሱ ከሌሎቹ መራቅ አለበት፣ ያውም ዛሬውኑ። ለምን እንደሆነ ካላወቀች አታርቀውም፤ ዋነኛ አበባዋን ከበር ላይ ለምን ታነሣለች? ስለዚህ መንገር ነው። ነጠብጣቡን ብቻ አይደለም። ጨርቁንም።

ቅናቱ አለቀቀኝም። ነገ ሆቴሉ የእሷን ሲጭን ባይ ያመኛል። ይመመኝ።

መቀሱን በበረኪና ጠርጌዋለሁ። ለቅጠሉ መጠቅለያ አሮጌ ወረቀት ይዣለሁ። ሜሮን በእሑድ ማለዳ መቀስ ይዘሽ ወዴት ነው አለችኝ። ሐዋ ጋ አልኳት።

በሯ ተከፈተ። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወጣች። ከፊከሱ ጀመረች። አሁን ቀና ብላ አየችኝ፣ እጇን አነሣች። አሁን ካልተሻገርኩ መቼም አልሻገርም። ሄድኩ።