ያልተዘጋችው ጥግ

ማርች 2፣ እሁድ

ባሌ ኖርማን ዛሬም ጋዜጣውን ይዞ ዋለ። የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ ካጣ ቆየ፤ በማንኪያ ነው የምንከፍተው። ሰውዬው መጀመር እንጂ መጨረስ አያውቅም... ይሁን። ኖቬምበር ላይ እህቴ ጋ ሰንብቼ ስመጣ፣ ጓሮው ላይ የጣውላ ወለል ሠርቶ ጠበቀኝ። ወንበር አውጥተን ሻይ የምንጠጣበት። ያምራል፣ አልዋሽም። አጥሩ ጋ ያለችው ጥግ ብቻ ክፍቷን ቀረች።

"መቼ ነው የምትዘጋት?"

"ፋሲካ ሳይደርስ።"

"የትኛው ፋሲካ?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ማርች 9

ዝናብ። ጎረቤታችን ብሬንዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ጆይስ፣ ወለላችሁ ጥርሱ ወለቀ እንዴ?" አለችኝ። አፈርኩ። ገብቼ ኖርማን ላይ ጮህኩበት። ወይ ዝጋት፣ ወይ ሁሉንም ንቀለው!

ማርች 16

ዘጋት! ጉድ ነው። በእልህ መሰለኝ፣ እያንዳንዱን ጣውላ በአራት አራት ብሎን ጠረቀመው። ካፖርት ለብሰን፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠን ሻይ ጠጣንበት። ደስ ብሎኛል።

ማርች 24

ፀሐይ ወጣች። ሆራስን ልፈልግ ጓሮ ወረድኩ። ኤሊዬን። ልጅ ሳለሁ አባቴ የሰጠኝ... ስንቱን ቀብሬ እሱ ግን አለ። ብርድ ሲመጣ ራሱን አፈር ውስጥ ይቀብራል፤ በዚህ ሰሞን ይወጣል። ሁልጊዜ ጓሮው ውስጥ ካለችው ቁጥቋጦ ሥር።

ቁጥቋጦዋ የታለች?

"ኖርማን፣ ቁጥቋጦዋን ምን አደረግካት?"

"ለወለሉ ስል ነቀልኳት..." አለ። የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ። "ጆይስ፣ መሬቱን ግን አልቆፈርኩም። እውነቴን ነው፣ አልቆፈርኩም።"

ሁለታችንም ወለሉን አየነው። ያቺን የመጨረሻ ቀዳዳ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ያው ቀን፣ ወደ ማታ

ንቀለው ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። በሕይወቱ የጨረሰው አንድ ሥራ ቢኖር ይሄ ነው። እሱ ግን ራሱ ካቻቢቴውን ይዞ ተንበረከከ። ብሬንዳም የባሏን ካቻቢቴ ይዛ መጣች። አንዴም አልቀለደችም። አራት አራት ብሎን!

"ምን አስጠረቀመህ?" አልኩት፣ እያለቀስኩ።

"አንቺ" አለኝ። እውነቱን ነው።

ከሥሩ ደረቅ አፈር ብቻ። አካፋ እንዳይጎዳው ፈራን። ኖርማን ገብቶ የመታጠቢያ ቤቱን ማንኪያ አመጣ፤ በሱና በእጃችን ጫርን። የለም። እዚህም የለም።

የቀረችው ያቺው ጥግ ናት። የመጨረሻውን ጣውላ ብድግ ሲያደርገው፣ ሆራስ! አፈሩን እንደተሸከመ፣ አንገቱን ወደ ላይ አስግጎ። ብርሃን የሚገባው በዚያች ጥግ ብቻ ነበር። ወደዚያ ሲያዘግም ዘግተንበታል። አይንቀሳቀስም።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርገን አስገባነው። ጠበቅን። ጠበቅን... አንድ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ውሃውን ጠጣ። ተመስገን! ኖርማን ሳፋው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አልቀረሁ።

"ይሄ ሽማግሌ ሁላችንንም ይቀብረናል" አለች ብሬንዳ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ወለሉ ተመልሷል፤ አሁን በአንድ አንድ ብሎን፣ ያቺ ጥግ ብቻ ክፍት ሆና። ሆራስ ሰላጣዬን ከእጄ ነጥቆ በላ። እንዴት ቀለለኝ! ለኖርማን የበር እጀታ ገዝቼለት ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማንኪያው ይበቃናል።

ከምሳ በኋላ የተረፉትን ጣውላዎች ይዞ ብቅ አለ።

"ፋሲካ ሳይደርስ ብዬ ነበር..."

"እንዳትነካት!"

ብሬንዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። "አሁንም አላለቀም?"

ኖርማን አንገቱን ደፋ።

"አልቋል" አልኳት።