የሰረዝከው ወንዝ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን
ከመርከቧ ላይ

ይድረስ ስልክ ማንሳት ለከበደህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህ ጉልበቱን ተሽሎታል፤ በደወልኩ ቁጥር «ልጁን ተይው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እያለ ይከላከልልሃል። እኔ ግን አልተውህም።

ያንን ወንዝ ከካርታው ላይ ለምን ሰረዝከው? በማዕበል እየተናጥን፣ ባሕሩን እንደ እርሻ ትልም በትልም እየተመላለስንበት፣ ድምፅ ወደ ታች እየላክን ያገኘነው ነው። ባሕሩ ሳይመጣ፣ ቦታው ደረቅ መሬት ሳለ ይፈስ የነበረ ወንዝ፣ አሸዋው ስር ከነዳርቻው ተኝቷል። ዳሩ ላይ ሰው ኖሮበት ይሆናል። አንተ ቢሮህ ቁጭ ብለህ «የገደል ማሚቶ ነው» ብለህ ጠረግከውና «ከአሸዋ በቀር ምንም የለም» ብለህ ፈረምክ። በፊርማህ አሸዋ አውጪዎቹ ሰኞ ሊቆፍሩት ነው!

ማሚቶ? ለእኔ? ድምፁ ከወለሉ ተመልሶ፣ የውሃውን ፊት ነክቶ፣ ደግሞ ወርዶ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ የሌለ መስመር እንደሚስል አሳምሬ አውቃለሁ። ያ ውሸታም መስመር ግን የወለሉን ቅርፅ ይከተላል፤ ወለሉ ሲወርድ እሱ እጥፍ ይወርዳል። እዚህ ወለሉ ለጥ ያለ ነው፤ ያንተ «ማሚቶ» ግን ጎድጉዶ ይጠማዘዛል። ይህን ጀማሪም አይስተውም። መሳሳትህ አይደለም ያንገበገበኝ፤ የማይሳሳት ማን አለ? ባለፈው ስነግርህ ዓይንህን በጨው አጥበህ «እማ፣ አሁን ቃሌን ባጥፍ ሰው ምን ይለኛል? ዝም በይልኝ» ማለትህ ነው።

ዝም አላልኩም። ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ምስሎች፣ እኛ ያነሳነውንና አንተ የጠረግከውን፣ ለአለቃችን ጎን ለጎን አሳየሁት።

«ማነው የሰረዘው?» አለኝ።

«ልጄ ነው።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቁፋሮው እንዲቆም ደወለ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ይህን ወደ ወደብ በሚመለሰው ጀልባ የምልክልህ።

ቅዳሜ ወንዙ ላይ እንደገና እናልፍበታለን። ዓርብ ጀልባው ወደኛ ይመጣል፤ ተሳፍረህ ና፣ በገዛ እጅህ መልሰህ ሳለው። ካልመጣህ እኔ እስለዋለሁ፤ ካርታው ላይ ግን ስምህ አይኖርም። ቅር ቢልህም ይበልህ።

ልቦና ይስጥህ፣ መንገዱንም ያቅናልህ። ወፍራም ልብስ ያዝ፣ እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከእኔ በላይ ያለውን አልጋ አንጥፌዋለሁ።

ንዴቷ ያልበረደላት
እናትህ