አቶ ክንዴ ልደቱ በሰው ፊት ያልጠየቁት ይቅርታ

አቶ ክንዴ ልደቱ ከአባታቸው ከመሪጌታ ልደቱ ሚናስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ ገዱ በ1951 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በደባርቅ ተከታትለዋል። በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ የትናየትን በተክሊል አግብተው ሠርካለምንና ቢራራን ወልደዋል።

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌያቸው የመራጮችን መዝገብ ይዘዋል። ምርጫ ሲያልፍ መዝገቡን ዘግቶ የሚተኛ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን የሞተውን እየሰረዙ፣ ዕድሜው የደረሰውን እየጨመሩ ኖሩ። ሞት የሚያስመዘግብ ቤተሰብ ስለሌለ፣ ተዝካር የተደገሰበትን ቤት እያጠያየቁ ስም መሰረዝ ልማዳቸው ነበር።

ያ ልማድ ጉድ ሠራቸው። በ2005 ዓ.ም. ልጅ ያልወለዱት ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ከሞትሁ በኋላ ማን ያወጣልኛል ብለው የቁም ተዝካራቸውን አወጡ፤ ካህናቱን ያስተናገዱትም ራሳቸው ናቸው። አቶ ክንዴ የተዝካሩን ወሬ ደባርቅ ገበያ ሰሙ። ወደ ወይዘሮ ሸጊቱ ቤት የሚያወጣውን ዳገት መውጣት ሰንፈው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ሰረዟቸው።

በ2007 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸጊቱ የምርጫ ካርድ ሊወስዱ ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ፣ «እርስዎማ ሞተዋል» ተባሉ። ሰልፈኛው በሳቅ አውካካ። አቶ ክንዴ እዚያው ነበሩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አቅቷቸው አንገታቸውን ደፉ። ስማቸው በኋላ ወደ መዝገቡ ቢመለስም፣ ወይዘሮ ሸጊቱ ዳግመኛ ወደዚያ ደጅ አልመጡም። በሰፈሩም «ሟቿ» የሚል ስም ወጣላቸው።

አቶ ክንዴ ወይዘሮ ሸጊቱ ቤት ድረስ ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ። እሳቸውም፣ «እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ዳሩ ግን ያዋረድኸኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ተናገርልኝ» አሏቸው። እሺ ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በእድሩም በሰንበቴውም ሊናገሩ ይነሡና፣ እፍረት ይይዛቸውና መልሰው ይቀመጡ ነበር። እኛም ቤተሰባቸው እያወቅን ዝም አልን፤ ዛሬ እዚህ ስንቆም ፊታችንን የምናስገባበት የለንም።

በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ሊያርፉ ሲሉ፣ እኔ ያልቻልሁትን በቀብሬ ላይ አንብቡልኝ ብለው አደራ ሰጡን። የቤተሰቡ ስም ይጎድፋል ያልንም ነበርን፤ አደራ ሆኖብን አነበብነው። ወይዘሮ ሸጊቱን ያለ ሞታቸው የገደሏቸው አቶ ክንዴ ናቸው። «ሟቿ» የሚል ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይተው።

ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር በክርስትና ስማቸው የገብረ ሚካኤልን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እማማ ሸጊቱ፣ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጠው ይሰሙናል፤ አስቀድመው እርስዎ ይማሩልን።