የእናቴ ካልሲ የደንብ ልብስ አይደለም

ለሆስፒታሉ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ ታሞ በእርስዎ ግምጃ ቤት በኩል መስተናገድን ለጠላቴም አልመኝምና። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። እኔን ባያውቁኝ እናቴን ያውቋታል። እርስዎ ንብረቱን በሚጠብቁለት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ የሕሙማን አንሶላ ያጠበችው፣ ሠራተኛው ሁሉ «እማማ በረኪና» የሚላት እርሷ ናት።

ያ ሁሉ መቆም ጡረታ ከወጣች በኋላ እግሯ ላይ ወጣ። ደም ሥሮቿ ተገታተሩ፣ እግሯ አበጠ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቁስል ወጣባት፤ የቁስል ክፍሏ ነርስም (እጇ ይባረክ) ሰባት ወር ለፍታ አደረቀችላት። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የእግሯን የደም ምት በጥንቃቄ አይቶ፣ ከታች ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ ላላ እያለ የሚሄድ፣ እግር ውስጥ የሚቆመውን ደም ወደ ላይ የሚገፋ የሕክምና ካልሲ አዘዘላት። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ አጥልቃ፣ ማታ ስትተኛ ብቻ እንድታወልቀው፣ ይህን ካላደረገች ቁስሉ እንደሚመለስ አስጠንቅቆ ወደ እርስዎ ክፍል ላከን። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የግምጃ ቤት ሠራተኛዎ በትዕዛዙ ላይ «ካልሲ» የሚለውን ቃል እንዳየ፣ ዓይኑን ሳያሽ ከጥበቃዎች ካፖርትና ከአትክልተኞች ቦቲ ጋር በደንብ ልብስ መዝገብ ላይ ስላሰፈረው አመሰግናለሁ። ይህ መድኃኒት ነው ብለን ብንለምነው «እማማ፣ ካልሲ ካልሲ ነው፤ እግር ላይ ይጠለቅ የለም እንዴ?» ብሎ አስተማረን። እግዚኦ! እንዲህ ከሆነማ የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት ጀሶም ለግንበኞች ይሰጥ እንጂ ሐኪም ዘንድ ምን ይሠራል?

፪ኛ. ነርሷ የእናቴን እግር ጠዋት፣ ገና እብጠት ሳይጀምረው፣ ቁርጭምጭሚቷንና ባቷን ዙሪያውን፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበቷም ቁመቱን ለክታ በወረቀቱ ላይ ጽፋ ነበር። ሠራተኛዎ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠና የጫማ ቁጥሯን ጠየቀ። እናቴ ደግሞ የዋህ ናት፤ እግሯ ሲያብጥ እንዲበቃት የምትጫማውን የወንድ ነጠላ ጫማ ቁጥር፣ አርባ ሁለትን፣ ነገረችው። በዚህም ምክንያት ሁለት እናቴን የሚያስገባ የወንድ ካልሲ ተሰጣት። ረዘመ ስንለው «ይታጠፋላ!» አለን። ከጉልበቷ ሥር ሁለቴ አጠፍነው፤ እጥፋቱ እንደ ገመድ አንቆ ይዟት በማግስቱ እግሯ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እኔ ለትራስ ልብስ እንኳ ሜትር የማወጣ ሰው ነኝ፤ ለሰው እግር ሜትር የማይወጣበት መሥሪያ ቤት በማየቴ ግን ዕውቀቴ ሰፍቷል።

፫ኛ. ልኩ ይቀየርልን ስንል «አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ አይሰጥም» የሚለው የደንብ ልብስ መመሪያ ተነበበልን። መለስን። በላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ካልሲ ተሰጠን። ልማድ ሆኖብኝ ስፌቱን ልይ ብዬ ገለበጥኩት። ኤዲያ! የማላውቀው ሰው ቆዳ ቅርፊት ቅርፊቱ ጭኔ ላይ ረገፈ፤ ተረከዙ ላይ የደረቀ ቢጫ ቅባት ነበር፣ ሽታውም የበሰበሰ ፋሻ ሽታ ነው። ለካስ ያ መመሪያ የሚመለሰውን ካልሲ ለሚቀጥለው በሽተኛ ማውረሻ ኖሯል! ሠራተኛዎ «ብዙም አልተለበሰ» ብሎ አጽናናን። አንዲት ነጠብጣብ ያለባትን አንሶላ ከእጇ አስወጥታ የማታውቀው እናቴ ካልሲውን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው፤ ቤት ወስዳ ሦስት ጊዜ አጠበችና አጠለቀችው። ተይ ብላት «የቤታችን ዕቃ ነው» አለችኝ፤ ቤታችን የምትለው ሆስፒታሉን ነው። ላስቲኩ የሞተ ነበርና ቁርጭምጭሚቷ ላይ እየተንሸራተተ ተከመረ። በዘጠነኛው ቀን ሰባት ወር የተለፋበት ቁስል ተከፈተ።

፬ኛ. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ፣ ጉዳዩ ለደንብ ልብስ ኮሚቴ ዓመታዊ ስብሰባ እንደሚቀርብ ስላበሰሩኝ አመሰግናለሁ። ቁስሉም እስከዚያ በትዕግሥት እንዲጠብቅ ነግረነዋል።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩን ላሳጥር። ነርሷ ቁስሉ ከቀድሞው የሰፋ ነው፣ ወደ ውስጥ ከዘለቀ እግሩን ማዳን ያስቸግራል ብላለች። የምንጠይቀው በነርሷ ልክ የተሠራ፣ የሰው ገላ ያልነካው ሁለት ጥንድ ካልሲ ነው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲጠለቅ፣ ነርሷ ቁስሉን አክማ እንዲጠለቅ በፈቀደችበት ቀን እንዲደርስልን፣ ከደንብ ልብስ መዝገብም ወጥቶ ለመድኃኒት ክፍል እንዲሰጥ። እናቴ ይህን ደብዳቤ አልወደደችውም። «ኃላፊው ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ ሰው አታስቀይሚ» ብላ ተቆጥታኛለች። እርሷ እንዲህ ያለች ሰው ናት፤ እኔ ግን ተጸይፌዎታለሁ፣ ይህንንም በአደባባይ ስነግርዎ ቅንጣት አላፍርም።

ከወለል ተነሥቶ ከጉልበት በማያልፍ አክብሮት፣
የእማማ በረኪና ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ከጠረጴዛው ሥር ጫማዎን አውልቀው ነበር። የካልሲዎ ላስቲክ እግርዎ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ቆፍሯል፣ ከቦዩ በላይም እብጠት አለ፤ የሚያጣድፍ ስብሰባ ከሌለብዎ ለሐኪም ይታዩ። ካልሲ ከታዘዘልዎ ግን ለግምጃ ቤትዎ የጫማ ቁጥር አይንገሩ፤ ወደ እኔ ብቅ ይበሉ። እኔ ልክዎን አውቄዋለሁ።