ፍዮሪ አባዲ የማን ልጅ ናት?

ይድረስ ለናፍቆቴ ለመብርሂት፣ ሚላኖ

እህት ዓለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የፍዮሪ ጥርስ ወጣ ወይስ እንደ ጋሽ ቸሩ በድድ ነው የምትስቀው? ሽሻይስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔም ዘጠነኛን ለሁለተኛ ጊዜ እየተማርኩ ስለሆነ ዘንድሮ የክፍሉ አዋቂ ሆኛለሁ።

ስሚ እንግዲህ፣ በቃ ግራ ገብቶኛል። ቆንስላው ለፍዮሪ ዜግነት የቤተሰብ ማስረጃ ከዚህ ይምጣ ስላለሽ፣ የላክሽውን የልደት ወረቀት ወሎ ሰፈር አስተርጉሜ ቀበሌ ቢሮ ይዤ ሄድኩ። ወይዘሮ ጀማነሽ የሚባሉ ሠራተኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅ ፍዮሪ አባዲ፤ እናት መብርሂት አባዲ፤ አባት ባዶ» ብለው አነበቡና ቀና አሉ። «አንተስ ማን ነህ?» ሲሉኝ «መብርሃቶም አባዲ» አልኳቸው። አማተቡ!

ለካ ፈረንጆቹ የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ለልጅሽም ለጥፈውባታል። እዚህ ደግሞ ሁለተኛው ስም አባት ነው። በወረቀቱ ከሄድን ፍዮሪ የአባባ ልጅ፣ ያንቺም የእኔም ታናሽ እህት ናት ማለት ነው። እኔም አፌ አያርፍ፣ «አዎ፣ አባባ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ተሳካላቸው» አልኩ። ሴትዮዋ አልሳቁም። «ቀልደኛ! ሂድና ትልቅ ሰው ይዘህ ና» ብለው ፋይሉን ዘጉት። ያኔ ደነገጥኩ። በፋሲካ ይዘሻት ልትመጪ ነው፤ ፓስፖርት ከሌላት ግን ሁለታችሁም እዚያው መቅረታችሁ ነው።

ችግሩ ትልቅ ሰው ማለት አባባ ናቸው። ሳታገባ ወለደች ብለው ካኮረፉ ወዲህ ስምሽ ሲነሳ ከቤት ይወጣሉ። እማዬ ፈራ ተባ እያለች ነገረቻቸው። በማግስቱ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከእድሩ ጋሽ ቸሩንና ጋሽ ሐጎስን ለምስክርነት አስከትለው «ቅደም!» አሉኝ።

ወይዘሮ ጀማነሽ፣ አባት ካልተጻፈ በእናቷ አባት ስም መጠራት እንደምትችል አስረዱና ይስማሙ እንደሆነ ጠየቋቸው። አባባም «ስሜን ይዛ ከመጣችማ ልመልሳት ነው እንዴ? የኔ ናት» ብለው ፈረሙ። ጋሽ ቸሩ ዓይናቸውን ጠረጉና ጉንፋን ነው አሉ።

ከበር እንደወጣን ግን አባባ፣ «የልጅቷ አባት ሽሻይ አብሯት እያለ ቦታው ለምን ባዶ ሆነ?» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሆስፒታል ዘግይቶ ደርሶ ነው? ረስተውት ነው? ወይስ፣ ማለቴ፣ አልፈርምም አላለም አይደል? ወይዘሮ ጀማነሽ ፋይሉን እስከ መጋቢት አጋማሽ ያቆዩልናል። ሽሻይ ቆንስላ ቀርቦ ልጄ ናት ካለ ፍዮሪ ሽሻይ ትባላለች፤ ካላለ በአባባ ስም ይጸድቃል። እውነቱን ጻፊልኝ፤ በዚህስ አልቀልድም። አባባ ደግሞ «ፈረመም አልፈረመም ልጅሽን ይዘሽ ነይ በላት» ብለዋል።

እማዬ ሁለታችሁንም ደጋግማ ትስማችኋለች። ታናሻችን ሩቲም ጫማዬን እንዳትረሺ ትላለች። አባባ ሰላምታ አላሉኝም፤ ግን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፍዮሪን ጉንጯን ንከሺልኝ። ለሽሻይ ያለኝን ሰላምታ ከቆንስላ ሲመለስ ስጪው።

ወንድምሽ መብርሃቶም
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.