ቼሮቲች ያለ ማኅተም ስለጻፈችው ጽሑፍ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ኪፕንጌኖ
ኬሪቾ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ከተማሪ ቼሮቲች በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። እርሷ በክፍላችን ብሎግ ምክንያት እርስዎ ካባረሯት ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። የጽሑፍ መምህርቷ ነኝና ለውለታዎ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ብሎጉ ላይ የሚወጣውን ሁሉ በቅድሚያ በወረቀት ጽፈው፣ በቢሮዎ ማኅተም አስመትተው፣ ማኅተሙ እንዲታይ ፎቶ አንስተው እንዲለጥፉ ስላዘዙ፣ ስለ ፋሲካ የተጻፈው ሐምሌ ላይ ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ቼሮቲች «ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ወፎች ይዘምሩ ነበር» ከሚል ሦስት መስመር በላይ ጽፋ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ሰው እንደሚያነባት ስታውቅ ግን፣ እርስዎ አምና ሪባን ስለቆረጡለትና እስከ ዛሬ ጠብታ ውሃ ስላልገባበት የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ታንከር ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ፣ ማኅተም ሳትጠብቅ ለጠፈችው። ሻይ ለቃሚዋ እናቷ ከሥሩ «አንቺ ልጅ፣ ውሃ ሞልቶናል ትይኝ አልነበር? በየማለዳው ወንዝ እየወረድሽ ነው እንዴ የምትማሪው? ምነው ደበቅሽኝ?» ብለው ጻፉ። እርሷም «እንዳታስቢ ብዬ ነው፣ እማ» ስትል መለሰችላቸው። በአሥራ አራት ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አግኝቼ አላውቅም። እርስዎ በማግሥቱ አጠፉት፤ አስተያየት የሚጽፍ ወላጅም ከአካባቢው ሹም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ማስታወቂያ አወጡ።

ሦስተኛ፣ «የጻፍኩት ሐሰት ነው» ብላ ፈርማ ከወላጇ ጋር እንድትመለስ ስለፈቀዱላት ቸርነትዎ ምን ልበል? አልፈርምም ብላለች። አስፈርሚያት ብለው የላኩልኝ ወረቀት ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ እዚያው ይኖራል። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ሰኞ ፈተና ይጀመራል፤ ልጅቱ ሳትፈርም ገብታ ትፈተን።

ለመከበር የሚደክሙትን ያህል እንዲከበሩ ከልብ የምመኝልዎ፣
ምዌንዴ ሙቱኩ
የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የጽሑፍ መምህርት

ማስታወሻ፦ ልጅቱን ያባረሩበትን ደብዳቤ ለአንብቦ መረዳት ልምምድ ተጠቅሜበታለሁ። «ጸሐፊው የፈሩት ማንን ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ ክፍል ውስጥ የቀሩት አርባ አንድ ልጆች በሙሉ «የቼሮቲችን እናት» ብለው መልሰዋል። ወላጅ ይምጣ ብለው የለ? እናቷ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ፤ ሌሎች እናቶችም አብረዋቸው ይመጣሉ።